የታክሲ ሜትርና የመለኪያ ደንቡ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዋሽንግተን ዲሲ ለረጅም ጊዜ ታክሲ የነዱ ኢትዮጵያውያን ሦስት ዓይነት የሂሳብ አሠራር አሳልፈዋል። እስከ 2008 ድረስ ከተማዋ በዞን ተከፋፍላ ስለነበር ተሳፋሪው የሚከፍለው በተሻገራቸው ዞኖች ብዛት ነበር። ከዚያ በከንቲባ ኤድሪያን ፌንቲ ውሳኔ ዞኑ ቀርቶ የጉዞውን ሂሳብ የሚቆጥረው ሜትር ገባ፤ በ2017 ደግሞ ከተማዋ በዳሽቦርድ ላይ የሚገጠመው ሜትር በስልክ ወይም በታብሌት በሚሠራ ዲጂታል ሜትር እንዲተካ አዘዘች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መሣሪያው በተለወጠ ቁጥር በትክክል መቁጠሩ የሚፈተሽበት የመለኪያ ደንብም መሻሻሉ አይቀርም፤ ስለ ደንቡ በሹፌሩም በተሳፋሪውም ዘንድ የሚነገረው ግን ብዙ ጊዜ ከእውነታው ይርቃል። ደጋግመው ከሚሰሙት ጥቂቶቹን እንመልከት።

«ሜትሩ ርቀቱንም ሰዓቱንም በአንድ ላይ ቆጥሮ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።»

የኒውዮርክን ቢጫ ታክሲ ታሪፍ እንውሰድ። ከታኅሣሥ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ታሪፍ ሜትሩ መኪናው በሰዓት ከ12 ማይል በላይ ሲሄድ በየአንድ አምስተኛ ማይሉ 70 ሳንቲም ይጨምራል፤ ከዚያ ሲያዘግም ወይም ሲቆም ደግሞ በየ60 ሰከንዱ ያንኑ 70 ሳንቲም ይጨምራል። 12 ማይል የሚለው ቁጥር በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። በሰዓት 12 ማይል የሚሄድ መኪና በ60 ሰከንድ ውስጥ የሚጓዘው ልክ አንድ አምስተኛ ማይል ነው፤ ስለዚህ በዚህ ፍጥነት ላይ የሰዓቱ ክፍያና የርቀቱ ክፍያ እኩል ይሆናሉ፤ ከዚያ በላይ ርቀቱ፣ ከዚያ በታች ሰዓቱ ይቆጥራል። በትራፊክ መብራት ላይ የቆመ ተሳፋሪ ቁጥሩ ሲዘል አይቶ ቢቆጣ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን በዚያች ደቂቃ ርቀቱ አልተቆጠረበትም። ግራ መጋባቱ እንደ ኡበር ካሉ የትራንስፖርት አፖች የመጣ ይመስለኛል፤ በእነርሱ ዘንድ ማይሉና ደቂቃው ጎን ለጎን መታሰቡ የተለመደ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የመለኪያ መሣሪያዎች መመሪያም ሁለቱንም ስልቶች ያውቃቸዋል፤ የትኛው እንደሚሠራ የሚወስነው ታሪፉ ነው።

«ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ አይሳሳትም፤ ምርመራም አያስፈልገውም።»

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያመጣው ይህኛው አመለካከት ነው። ሜትሩ በውስጡ የቱንም ያህል ትክክለኛ ኮምፒውተር ቢኖረው መንገዱን ራሱ አያየውም፤ የሚያውቀው ከካምቢዮው ወይም ከጎማው የሚላክለትን የኤሌክትሪክ ምት ብቻ ነው። በሚገጠምበት ጊዜ «ለዚህ መኪና አንድ ማይል ማለት ይህን ያህል ምት ነው» ተብሎ ቁጥር ይሞላለታል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው መቁጠር ነው። እንግዲህ 26 ኢንች ቁመት ያለውን ጎማ እናስብ። አዲስ ሲሆን የጥርሱ ጥልቀት 8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲያልቅ የጎማው ቁመት በግማሽ ኢንች፣ ማለትም ወደ 2 በመቶ በሚጠጋ መጠን ይቀንሳል። ያነሰ ጎማ አንድ ማይል ለመጨረስ ብዙ ጊዜ መዞር ስላለበት ሜትሩ ብዙ ምት ይቆጥራል፤ በመንገድ ላይ የሚታየው ልዩነት ከዚህ ስሌት ጥቂት ዝቅ ቢልም ተሳፋሪው ላልሄደበት መንገድ መክፈሉ አይቀርም። በሌላ በኩል በዚሁ መኪና ላይ 27 ኢንች ጎማ ቢገጠም ሜትሩ ከእውነተኛው ርቀት ወደ 4 በመቶ ያህል አሳንሶ ይቆጥራል፤ ያን ጊዜ የሚጎዳው ሹፌሩ ነው። ኮምፒውተሩ በሁለቱም ጊዜ አልተሳሳተም። የአውሮፓው መመሪያ ለሜትሩ በርቀት የሚፈቅደው ስሕተት 0.2 በመቶ ብቻ መሆኑን አንብቦ የሚደነቅ ሰው፣ ይህ ወሰን የርቀት ምት የሚልከውን ክፍል እንደማይጨምር አብሮ ማንበብ ይኖርበታል። የመለኪያ ተቆጣጣሪው ሜትሩን ጠረጴዛ ላይ ከመፈተሽ አልፎ መኪናውን በተለካ መንገድ ላይ የሚያስነዳው ለዚህ ነው።

ርቀቱን በሳተላይት የሚለካው ስልክ ከጎማው ችግር ነፃ ነው፤ የራሱ ችግር ግን አለው። ስልኩ የሚያውቀው በየጊዜው የሚመዘግባቸውን ነጥቦች ስለሆነ ነጥቦቹ በቀጥታ መስመር ሲገናኙ ጠመዝማዛው መንገድ ያጥራል። ሲግናሉ በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል እየነጠረ ሲመጣ መኪናው ባለበት ቆሞ ሳለ ነጥቡ ወዲያና ወዲህ ይዘላል፤ ዝላዩ ካልተጣራ ርቀት ሆኖ ይደመራል። በዋሻ ውስጥ ደግሞ ሲግናሉ ጨርሶ ይጠፋል። ስለዚህ አዲስ ደንብ የሚጽፍ ሰው «ምን ያህል ይሳሳት?» ከሚለው በተጨማሪ «ሲግናሉ በጠፋበት ርቀት ላይ ሂሳቡ በምን ይታሰባል?» የሚለውን መመለስ አለበት፤ ይህ በካምቢዮ ዘመን ያልነበረ ጥያቄ ነው።

«ደንቡ የተጻፈው ሹፌሩን ለመጉዳት ነው።»

ለዚህ አባባል መነሻ የሚሆን ቁጥር አለ። በአሜሪካ ግዛቶች የሚሠሩበት ሃንድቡክ 44 የተባለው የመለኪያ ደንብ በርቀት ሙከራ ላይ ሜትሩ አስበልጦ ቢቆጥር የሚታለፈው 1 በመቶ ሲሆን፣ አሳንሶ ቢቆጥር ግን 4 በመቶ፣ በመነሻ ክፍያው የሚሸፈነው የመጀመሪያ ርቀት በሙከራው ውስጥ ካለ ደግሞ 100 ጫማ ይታከልበታል። በኒውዮርኩ ታሪፍ ለ10 ማይል ጉዞ ብናሰላው፣ በተሳፋሪው ላይ ሊደርስ የሚችለው ስሕተት 35 ሳንቲም፣ በሹፌሩ ላይ ሊደርስ የሚችለው ግን 100 ጫማው ሳይታከል 1 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው። አድልዎ ይመስላል። ነገር ግን ወሰኑ የሚናገረው ተቆጣጣሪው መሣሪያውን መቼ ውድቅ እንደሚያደርገው ነው እንጂ ሹፌሩ በዚያ ኪሳራ እንዲሠራ አያስገድደውም። ጎማውን የሚመርጠውና ሜትሩ እንዲስተካከልለት መጠየቅ የሚችለው የመኪናው ባለቤት ነው፤ ከኋላ የተቀመጠው መንገደኛ ይህ ሥልጣን የለውም። በእኔ አስተያየት ልዩነቱ ተገቢ ነው፤ የሚያሳዝነው ብዙ ሹፌሮች ጎማ በቀየሩ ማግስት ሜትራቸውን አለማስፈተሻቸው ነው፤ በየቀኑ የሚያጡት ሳንቲም በዓይን አይታይምና።

«ታሪፉንም ደንቡንም የሚያወጣው ዋሽንግተን ያለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው።»

አይደለም። ሃንድቡክ 44ን የሚያሳትመው ብሔራዊው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በምኅጻሩ ኒስት፣ ማንንም የመቅጣት ሥልጣን የለውም። ማሻሻያውን የሚያጸድቀው በ1905 የተመሠረተው ብሔራዊ የክብደትና የመለኪያ ጉባኤ ነው፤ ድምፅ የሚሰጡትም የየግዛቱና የየአካባቢው ተቆጣጣሪዎች ናቸው፤ ሕግ የሚሆነው ግን ግዛቶቹ ሲቀበሉት ነው። የማይሉን ዋጋ የሚወስነው ደግሞ ከተማው ነው። ስለዚህ «ታሪፉ አነሰኝ» የሚል ሹፌር ወደ መለኪያ ተቆጣጣሪው ቢሄድ ቦታውን ስቷል።

«አፑ የሚሠራው የሜትርን ሥራ ስለሆነ በሕግ ፊትም ሜትር ነው።»

«ታክሲ» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከሜትሩ ነው፤ ጀርመናዊው ቪልሄልም ብሩን በ1891 ከሠራው «ታክሳሜተር»። (ሜትር ገጥሞ የማያውቀው የአዲስ አበባ ሚኒባስ በዚሁ ስም መጠራቱ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል።) ሕጎቹ በተጻፉበት ጊዜ ሜትር ማለት በመኪናው ውስጥ ተገጥሞ ዋጋውን እዚያው የሚያሰላ ሳጥን ነበር። በለንደን ከፈቃድ ታክሲዎች ውጭ ያሉ የኪራይ መኪናዎች ሜትር እንዳይገጥሙ የ1998 ሕግ ስለሚከለክል የከተማዋ የትራንስፖርት ባለሥልጣን የኡበር ስልክ ሜትር መሆን አለመሆኑን ከፍተኛው ፍርድ ቤት እንዲወስን ጠየቀ። ዳኛ ኡስሊ በጥቅምት 2015 ሜትር አይደለም ሲሉ ወሰኑ፤ ምክንያታቸውም ስልኩ መረጃ ይልካል እንጂ ዋጋው የሚሰላው ከመኪናው ውጭ ባለ ሰርቨር ላይ ነው የሚል ነበር። በሕጉ ቃል ሲመዘን ውሳኔው ትክክል ይመስለኛል፤ ግን ለመለኪያ ተቆጣጣሪው ትልቅ ጉድጓድ ከፈተበት፤ ማሸግ የሚችለው ሳጥን ጠፋበትና። በአሜሪካ ጉዳዩ የተያዘው በሌላ መንገድ ነው። የታክሲ ሜትሩን ምዕራፍ ለጥጦ ስልኩን እንዲሸፍን ከማድረግ ይልቅ በሃንድቡክ 44 ውስጥ ለአፕ ትራንስፖርት የራሱ ምዕራፍ፣ መጀመሪያ በጊዜያዊነት፣ እንዲገባ ተደረገ።

«የማይታሸግ ሶፍትዌርን ማንም ሊነካካው ይችላል።»

የሜትሩ ሳጥን የሚታሸግበት የእርሳስ ብረት ማኅተም የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተከፍቷል ወይም አልተከፈተም። በዘመናዊ ኤሌክትሮኒክ መለኪያዎች ውስጥ በማኅተሙ ምትክ የሚሠራው ቆጣሪ ነው፤ የማይሉ ምት ወይም ሌላ ቅንብር በተነካ ቁጥር አንድ ይጨምራል፣ ወደ ኋላም አይመለስም። ተቆጣጣሪው ባለፈው ዓመት 014 ብሎ ከመዘገበ፣ ዘንድሮ 016 ካየ፣ በመካከል ሁለት ጊዜ እንደተነካ ያውቃል፤ ባለቤቱም ማስረዳት ይኖርበታል።

«ዋጋው አስቀድሞ ከታወቀ መለካት አበቃለት።»

ለተሳፋሪው በከፊል እውነት ነው፤ ሳይነሳ የተስማማበትን ዋጋ ከከፈለ በመንገድ ላይ የተቆጠረው ማይል ሂሳቡን አይለውጠውም። ለሹፌሩ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። የኒውዮርክ ከተማ ከ2019 ጀምሮ ለአፕ ሹፌሮች ዝቅተኛ ክፍያ የደነገገችው በማይልና በደቂቃ ነው፤ ተሳፋሪው የማያየው ርቀት የሹፌሩ ደሞዝ ሆኗል ማለት ነው።