ድቅል ዶሮ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው ጎረቤቴን ሲመክራት ሰማሁ። «ድቅል ግዢ። ወጪው አንዴ ብቻ ነው። አውራ ጨምሪበት፣ ከዚያ ወዲያ ጫጩት መግዛት የለም። ራሷ ትተካልሻለች።» ዝም ልል ነበር። አልቻልኩም።

«ድቅል» የሚለው ቃል ገበያ ላይ «የተሻለች ዶሮ» ማለት ሆኗል። ወፈር ካለች ድቅል፣ ቀላ ካለች ድቅል። ሻጩ ዋጋ መጨመር ከፈለገ ደግሞ ሁሉም ድቅል ናቸው። ድቅል ግን ሆን ተብሎ ለየብቻ የተረቡ ወላጆች ሲገናኙ የሚወለደው የመጀመሪያው ትውልድ ነው። «የመጀመሪያው» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ እሷ ላይ ነው።

ቦቫንስ ብራውን የምትባለውን እንቁላል ጣይ ድቅል እንይ። አባቷ ቀይ፣ እናቷ ነጭ ናቸው። የአንድ ቀን ጫጩት በሳጥን ሲመጣ ቡናማዋ ሴት፣ ነጣ ያለው ወንድ ነው። በዓይን ብቻ ትለያላችሁ። አሁን ያቺን ቡናማ ከነጩ ወንድሟ ጋር አሳድጋችሁ እንቁላሉን አስፈልፍሉ። ነጭም ቡናማም ይወጣል፣ በሁለቱም ፆታ። ቀለሙ ምንም አይነግራችሁም። እንቁላል መጣሉም እንዲሁ ነው። ከመዳቀል የተገኘው ብርታት በአንድ ትውልድ እስከ ግማሽ ሊወርድ ይችላል።

ጁስ ቤት ገብታችሁ ስፕሪስ እዘዙ። አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ ተደራርቦ ይመጣል። ሠሪው እያንዳንዱን ከየጆጉ ነው የቀዳው። እናንተ ደግሞ ከሁለት ብርጭቆ ስፕሪስ በማንኪያ እየጨለፋችሁ ሦስተኛ ብርጭቆ ሙሉ። አንዱ ማንጎ ይበዛበታል፣ ሌላው አቮካዶ ብቻ ይሆናል። ስፕሪስ ከስፕሪስ አይቀዳም። ጆጎቹ ደግሞ እኛ ጋ የሉም። ንጹሕ መስመሮቹን፣ ማለትም ለየብቻ የሚረቡትን የወላጅ ዘሮች፣ የያዙት ውጭ አገር ያሉ አርቢ ኩባንያዎች ናቸው።

(ምሳሌዬ እንከን አለው። ጁስ ይዋሃዳል፣ ዘረመል ግን እንደ ካርታ ይበወዛል። «የእኔማ ልጇም ጎበዝ ጣይ ናት» የሚሉኝ ሰዎች አልዋሹም። ደህና ካርታ ደርሷቸው ነው። እህቷን ግን ጠይቋቸው።)

ሌላም አለ። እነዚህ እንቁላል ጣዮች እንቁላል መታቀፍ ብዙም አያውቁም። ስለዚህ «ራሷ ትተካለች» ያልናት ዶሮ ጫጩት እንድታይ የሀበሻ ዶሮ መለመን አለባችሁ። ያቺ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ትጥላለች ተብላ የምትናቀው። የምትጥለው ትንሽ የሆነው እኮ፣ በከፊልም ቢሆን፣ ስትታቀፍና ጫጩት ስታሳድግ ስለምትከርም ነው።

ሰውዬው ግን አልተበገረም። «ታዲያ ኮኮክ የምትባለዋ ዶሮስ? እሷም ከተለያዩ ዝርያዎች የመጣች አይደለችም?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ኮኮክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ደቡብ አፍሪካ፣ ፖችፍስትሩም ውስጥ፣ ከጥቁር አውስትራሎርፕና ከነጭ ሌግሆርን ነው የተነሳችው። ያኔ ድቅል ነበረች። ከዚያ ወዲህ ግን እርስ በርስ እየተራባች፣ ትውልድ በትውልድ እየተመረጠች ጸናች። አሁን ዝርያ ናት። ልጇ እሷኑ ይመስላል፣ የጎረቤት አውራ አጥር ካልዘለለ። እንደ ቡናማዎቹ በዓመት ወደ 300 አትጠጋም፤ 200 ከደረሰች ደስ ይበላችሁ።

ስለዚህ ጀማሪ ሲጠይቀኝ ስለ ቀለምም ስለ አገርም አላወራም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እንቁላል ነው የምትፈልጉት ወይስ ጫጩትም? እንቁላል ብቻ ከሆነ ድቅል ግዙ፣ ስታረጅም ሌላ ግዙ። ጫጩትም ካሰኛችሁ ኮኮክ፣ ታቃፊዋም የሀበሻ ትሁን።

ሳልጠየቅ ልጨምር። 300 እንቁላል የሚባለው በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም የተመጣጠነ መኖ ለምትበላ ዶሮ ነው። የእንጀራ ፍርፋሪ ላይ የዋለች ድቅል ከሀበሻዋም ልታንስ ትችላለች። ፈንግል የሚባለውን የዶሮ ገዳይ በሽታ ካልተከተቡ ደግሞ ይሄ ሁሉ ክርክር ከንቱ ነው። አንድ ሳምንት ይበቃዋል።

ጎረቤቴ በመጨረሻ አምስት ቡናማ ቄቦች ገዛች። አውራ አልጨመረችም። ሰውዬው አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ «አውራ ከሌለማ በምን ትጥላለች?» አላት።

ትጥላለች። አውራ ለጫጩት እንጂ ለእንቁላል አያስፈልግም። እሱን ግን ሌላ ቀን እመለስበታለሁ፤ ዛሬ ጉሮሮዬ ደርቋል።