ፓች ቦታውን እንዴት ያገኛል፣ ጊትስ በምን ያውቀዋል?

ፓች የአንድ ፋይል አሮጌና አዲስ ቅጂ የሚለያዩበትን ብቻ የያዘ ጽሑፍ ነው። የወጣው መስመር ፊት የመቀነስ ምልክት፣ የገባው ፊት የመደመር ምልክት ይደረጋል። ከለውጡ በላይና በታች ደግሞ ያልተነኩ መስመሮች አብረው ይጻፋሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት ናቸው። ብዙ ሰው እነዚህን ዘሎ ነው የሚያነበው፤ ግን ፓቹን ቦታው የሚያደርሱት እነሱ ናቸው።

ልዩነት የሚያወጣው ዲፍ የተባለ ፕሮግራም በቤል ላብስ ዩኒክስ ለተባለው ስርዓተ ክወና የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ያኔ ዲፍ "ይህን መስመር ሰርዝ፣ እዚህ ጋ ይህን ጨምር" የሚል ትእዛዝ ማውጣት ይችል ነበር፤ ግን ትእዛዙ የሚመራው በመስመር ቁጥር ብቻ ስለነበር ሌላ ሰው ከላይ አንድ መስመር ከጨመረ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይዛባል። ይህን የፈታው ላሪ ዎል ነው፣ ኋላ ፐርል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው ሰው። እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ፓች የተባለ ፕሮግራም የመስመር ቁጥሩን እንደ ፍንጭ ብቻ ነው የሚያየው።

መጀመሪያ ቁጥሩ የጠቆመው ቦታ ላይ ይሞክራል። አጎራባች መስመሮቹ፣ ማለትም ከለውጡ በላይና በታች ያሉት ያልተነኩት፣ እዚያ ከሌሉ ወደ ላይና ወደ ታች እየሄደ ይፈልጋቸዋል፤ ካገኛቸው ለውጡን እዚያ አስገብቶ ስንት መስመር እንደተንሸራተተ ይነግራችኋል። ካጣቸው ደግሞ ከዳርና ዳር ያሉትን መስመሮች ችላ ብሎ እንደገና ይፈልጋል። ይህ ፈዝ ይባላል፤ ካላዘዛችሁት በቀር በየዳሩ ከ2 መስመር አያልፍም። እሱም ካልሠራ ያልገባውን የፓቹን ቁራጭ ለብቻው ፋይል ጽፎ ለእናንተ ይተወዋል።

እኔ ፈዝን አላምነውም። ኮድ ውስጥ ተመሳሳይ መስመሮች ይደጋገማሉ፤ መዝጊያ ቅንፍ ብቻ ያለበት መስመር ስንት ነው? አጎራባቹ በሳሳ ቁጥር ለውጡ የማይመለከተው ፈንክሽን (የኮድ ክፍል) ውስጥ ገብቶ የመገኘቱ ዕድል ይጨምራል፣ ኮዱም ያለ ምንም ስህተት ኮምፓይል ሊሆን (ወደ ማሽን ቋንቋ ሊተረጎም) ይችላል። ፈዝ የሚል መልእክት ካያችሁ ሄዳችሁ ቦታውን በዓይናችሁ እዩት።

የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው፣ የፋይሎችን የለውጥ ታሪክ የሚይዘው ጊት እዚህ ላይ ጠንከር ይላል። አፕላይ የሚባለው ትእዛዙ መንሸራተትን ይቀበላል፣ ፈዝን ግን አይቀበልም። ከቁራጮቹ አንዷ እንኳ እምቢ ካለች፣ ሌላ ካላዘዛችሁት፣ አንድም ፋይል አይነካም። በዚያ ላይ ጊት የሚያወጣው ፓች የአሮጌውን ፋይል ሃሽ (ከይዘቱ የሚሰላ መለያ ኮድ) ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ ያ ቅጂ ተቀባዩ ሪፖ (የፕሮጀክቱ ማከማቻ) ውስጥ ካለ የሦስትዮሽ መርጅ ማድረግ ይቻላል፣ ማለትም መነሻውን፣ የእናንተንና የላኪውን አስተያይቶ ያዋህዳል፣ ሲጋጩም ግጭቱን ፋይሉ ውስጥ ምልክት አድርጎ ያሳያል።

አሁን ወደ መለያው። የኮሚት (ጊት ውስጥ የሚመዘገብ አንድ የለውጥ እርምጃ) ሃሽ የፓቹ መለያ ይመስላል፤ አይደለም። የሚሰላው ከፋይሎቹ አጠቃላይ ይዘት፣ ከወላጅ (ቀዳሚ) ኮሚቱ፣ ከጸሐፊው፣ ከሰዓቱና ከመልእክቱ ነው። ስለዚህ ያው ለውጥ በቼሪ-ፒክ (አንድን ኮሚት ለይቶ በመቅዳት) ወደ ሌላ ብራንች (የሥራ ቅርንጫፍ) ሲሄድ አዲስ ሃሽ ያገኛል። ለውጡን ራሱን ለመለየት ጊት ፓች-አይዲ የሚባል ሌላ ሃሽ አለው፤ የመስመር ቁጥሮችንና ባዶ ቦታዎችን ትቶ ከልዩነቱ ጽሑፍ ያሰላዋል። ሪቤዝ ስታደርጉ (ኮሚቶቻችሁን በሌላ ብራንች ጫፍ ላይ እንደገና ስታስቀምጡ) ዋናው ብራንች ላይ ቀድሞ የገባ ለውጥ የሚዘለለው በዚህ ነው።

ፓች-አይዲ ግን አጎራባቾቹንም ይቆጥራል። ከጎን አንድ ቃል ከተቀየረ ለእሱ ሌላ ፓች ነው። ለዚህ ነው ፓች በብዛት የሚያመላልሱ ሰዎች መለያውን መልእክቱ ውስጥ የሚጽፉት፤ የኮድ መገምገሚያው ጌሪት ቼንጅ-አይዲ የሚል መስመር ይጠቀማል፣ የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) የተረጋጉ ስሪቶችን የሚንከባከቡት ደግሞ ወደ አሮጌው ስሪት በሚወስዱት እርማት ላይ የዋናውን ኮሚት ሃሽ ያሰፍራሉ። ዳርክስ የተባለው ጊትን መሰል መሣሪያ ሌላ መንገድ መርጧል፤ መሠረቱ ፓቹ ራሱ ነው፣ ቅደም ተከተሉ ቢለዋወጥም ያው ፓች ሆኖ እንዲቆይ ተደርጎ ነው የተሠራው።