ከእግር ስር የሚንቀጠቀጠው ፍሬን፦ ኤቢኤስና ድንገተኛ አያያዝ በወሎ መንገዶች

ኤቢኤስ ያለው መኪና ፍሬኑ በሙሉ ኃይል ሲረገጥ ፔዳሉ ዝም ብሎ አይወርድም። እግርን ቶሎ ቶሎ እየገፋ ይመልሳል፤ ንዝረቱ ጫማን አልፎ ቁርጭምጭሚት ድረስ ይሰማል። ከኮፈኑ ስር ደግሞ ወፍጮ እህል ሲጎርስ የሚያሰማውን የመሰለ «ግርርር» ይወጣል። ብዙ አሽከርካሪ ይህን ስሜት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቀው በጭንቅ ሰዓት ስለሆነ «ፍሬኑ ተበላሸ» ብሎ እግሩን ያነሳል። ኤቢኤስ ከአሽከርካሪው የሚጠብቀው አንድ ነገር ቢኖር ግን እግሩ እዚያው እንዲቆይ ነው።

ስሙ የእንግሊዝኛ ምህጻር ሲሆን ሥራው ጎማ እንዳይታሰር መከላከል ነው። ፍሬን ከመጠን በላይ ሲያዝ ጎማው መሽከርከሩን ያቆምና በአስፋልቱ ላይ ይንሸራተታል። የታሰረ ጎማ ሁለት ነገር ያሳጣል፤ መንገዱን የመቆንጠጥ አቅሙ ይቀንሳል፣ መሪም አይታዘዝም። የፊት ጎማ ታስሮ መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ቢያዞሩት መኪናው ቀድሞ ይሄድበት በነበረው አቅጣጫ ይቀጥላል። ጎማ በአስፋልት ላይ በደንብ የሚይዘው ከመኪናው ፍጥነት ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል ዘግየት እያለ ሲሽከረከር ነው። ኤቢኤስ ይህችን ጠባብ ክልል ይጠብቃል። በጎማዎቹ አጠገብ ያሉ የፍጥነት መቁጠሪያዎች የእያንዳንዱን ጎማ ዙር ይለካሉ፤ አንዱ ሊቆም ሲል አነስተኛዋ ኮምፒውተር የዚያን ጎማ የፍሬን ዘይት ግፊት ትቀንሳለች፣ ጎማው ዙር ሲጀምር መልሳ ትጨምራለች። ይህ በሰከንድ እስከ 15 ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። እግር ላይ የሚመታው የዘይቱ መመላለስ ነው፤ የሚሰማው ድምፅም የፓምፑና የቫልቮቹ ነው።

ሐሳቡ የተጀመረው በአውሮፕላን ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የእንግሊዙ ደንሎፕ ኩባንያ «ማክሳሬት» የተባለውን መሣሪያ ለአውሮፕላን ጎማ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ጄንሰን ኤፍኤፍ የተባለ መኪና ይዞት ወጣ። ዛሬ የምናውቀው ኤሌክትሮኒካዊ ኤቢኤስ በቦሽ ተሠርቶ በመርሴዲስ ቤንዝ ላይ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው።

ሐረጎ ላይ

ለወሎ ሰው ፍሬን ሲነሳ መጀመሪያ የሚታሰበው የሐረጎ ቁልቁለት ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ውስጥ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከላይ የደሴ ጉም አለ፣ ከታች የኮምቦልቻ ሙቀት። በመሐል ጭነት የያዘ ሲኖትራክ፣ የሕዝብ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ እንጨት የተጫነች አህያና ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች አንዱን መንገድ ይጋራሉ።

አንድ የየካቲት ማለዳ ከአጎቴ ጋር ይህን ቁልቁለት ስንወርድ የበልጉ የመጀመሪያ ካፊያ ወርዶ ነበር። ለወራት የተጠራቀመ አቧራና ከመኪኖች የተንጠባጠበ ዘይት ከጥቂት ውሃ ጋር ሲቀላቀል አስፋልቱ ሳሙና የተቀባ ያህል ይሆናል፤ ዝናቡ በርትቶ ካጠበው በኋላ ይሻላል። ኩርባውን እንደታጠፍን ባህር ዛፍ የጫኑ ሦስት አህዮች መንገዱን ይዘው ከጉሙ ውስጥ ወጡ። አጎቴ ፍሬኑን ረገጡ። ፔዳሉ ተንቀጠቀጠ፣ «ግርርር» አለ፤ እሳቸውም «በስመ አብ!» ብለው እግራቸውን አነሱ። መኪናው እንደ ተለቀቀ ፈረስ ወደፊት ሄደ። መልሰው ሲረግጡ የመጨረሻዋ አህያ የያዘችው እንጨት ጫፍ የፊት መብራታችንን ሰበረ። የአህዮቹ ባለቤት ጎልማሳ ራሱን ይዞ ቁጢጥ አለ፤ አጎቴም ወርደው ትከሻውን ይዘው አብረውት ቁጢጥ አሉ። ሰውም እንስሳም አልተጎዳም። አጎቴ ሠላሳ ዓመት ነድተዋል፤ ያን መኪና ከያዙ ግን ሁለት ወራቸው ነበር፣ ፔዳሉ እንዲህ እንደሚያደርግ የነገራቸውም ሰው አልነበረም።

አጎቴን ያሳሳታቸው የቀድሞ ትምህርታቸው ነው። ኤቢኤስ በሌለው መኪና ጎማ እንዳይታሰር ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ፣ ረገጥ ለቀቅ ማድረግ ትክክለኛ ጥበብ ነው፤ በአሮጌ አይሱዙ የሠለጠነ ሰው እግሩ ይህን ሳያስበው ይሠራል። ኤቢኤስ ባለው መኪና ያው ልማድ ጎጂ ነው። ማሽኑ ከሰው እግር እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ረገጥ ለቀቅ እያደረገ ስለሆነ፣ አሽከርካሪው ሲለቅ ግፊቱን ሙሉ በሙሉ ይነጥቀዋል። ኤቢኤስ ባለው መኪና በድንገተኛ ጊዜ የሚደረገው ፍሬኑን በአንድ ጊዜ በሙሉ ኃይል መርገጥ፣ የማርሽ መኪና ከሆነ ፍሪሲዮኑንም አብሮ መርገጥና መኪናው ቀጥ እስኪል አለመልቀቅ ነው። ዓይን መሄድ ያለበት ወደ ክፍተቱ እንጂ ወደ አደጋው አይደለም፤ እጅ ዓይንን ይከተላልና። መሪውም በለሆሳስ ይዞራል፤ በኃይል ከተጠመዘዘ ጎማው ድንገት ሲቆነጥጥ መኪናውን ወደ ገደል ወይም ወደ ተቃራኒው መስመር ይወስደዋል።

ኤቢኤስ የማይደርስበት ቦታ

ኤቢኤስ ፍሬንን አያቀዘቅዝም። ይህ ለሐረጎም፣ ከጋሸና ወደ ወልዲያ ሲመጡ ለሚወረደው ለድልብም ትልቁ ጉዳይ ነው። 600 ሜትር የወረደ መኪና በሞተርና በነፋስ ካልተያዘ ፍሬኑ ላይ የሚጥለው ጉልበት በሰዓት 390 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የነበረን መኪና አንዴ ከማቆም ጋር እኩል ነው። ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን ላይ እግሩን አሳርፎ የሚወርድ ሰው ይህን ሁሉ ሙቀት ለፍሬን ሸራው ይሰጣል። ሸራው ሲግል መያዙን ይቀንሳል፣ ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ባዶ ሆኖ ወለል ይነካል፤ ሰው «ፍሬን በጠሰ» ከሚለው ውስጥ አንዱ ይህ ነው። ያን ጊዜ ኤቢኤስ የሚቀንሰውም የሚጨምረውም ግፊት የለውም። መፍትሔው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ እንዲይዝ ማድረግ፣ ፍሬኑንም አልፎ አልፎ ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ ነው። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከመጣ ቆሞ ማስቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ በጋለ ጎማ ላይ ግን ውሃ መድፋት ዲስኩንም ታምቡሩንም ሊሰነጥቅ ይችላል።

ሁለተኛው ጠጠር ነው። ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር ወረዳዎች በሚወስደው መንገድ ላይ የታሰረ ጎማ ልቅ ጠጠሩን ከፊቱ ይከምርና በዚያ ይገታል። ኤቢኤስ ጎማውን እያዞረ ክምሩን ስለሚያስረግጠው መኪናው ከለመዱት ርቆ ሊቆም ይችላል። መሪው ግን ይታዘዛል። ስለዚህ በጠጠር ላይ ፍጥነትን ቀድሞ መቀነስና ከፊት ካለው መኪና መራቅ ግድ ነው፤ ጥርሱ ላለቀ ጎማ ደግሞ ይህ በአስፋልትም ላይ ይሠራል።

ሦስተኛው ርቀት ነው። የቆቦ ሜዳ ቀጥ ያለ ስለሆነ እግር ሳያውቀው ነዳጅ ይጨምራል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል፤ አሽከርካሪው አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪደርስ ያን ያህል ገደማ ያልቃል። ከዚያ በደረቅ ጥሩ አስፋልት ለመቆም 36 ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ በእርጥብ አስፋልት 60 ሊያልፍ ይችላል። ፍጥነቱ 40 ቢሆን በደረቁ 9 ሜትር ይበቃው ነበር፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ነውና። በሰኞ ገበያ ቀን በባቲ መንገድ የግመል ቅፍለት ከፊት ከታየ ማሰብ የሚገባው ይህን ነው፤ ግመል ጡሩምባ ሰምታ አትሮጥም፣ ቁመቷም ከፍ ያለ ስለሆነ ስትመታ የምትወድቀው በፊት መስታወቱ ላይ ነው።

መብራቱና ልምምዱ

መኪናው ኤቢኤስ እንዳለው የሚታወቀው ቁልፍ ሲከፈት ዳሽቦርዱ ላይ በምትበራው ቢጫ መብራት ነው። ለጥቂት ሰከንድ በርታ መጥፋት አለባት። ካልጠፋች፣ ወይም እየሄዱ ከበራች፣ መደበኛው ፍሬን ይይዛል፣ ኤቢኤሱ ግን የለም፤ ያን ጊዜ የድሮው ረገጥ ለቀቅ ይመለሳል። ከነጭራሹ ካልበራች ወይ መኪናው ኤቢኤስ የለውም፣ ወይ አምፖሏ ተቃጥሎ ወይም ሆን ተብሎ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል፤ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ከቀለሙ በፊት ይህን ይይ። ጭቃ ወይም የብረት ብናኝ የጎማውን መቁጠሪያ ስለሚሸፍነው መብራቷ የምትበራበት ሰበብ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮ ከበራ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ መኪናው ከቆመበት አይነሳ።

ስሜቱን ለመልመድ ሰው የሌለበት ሰፊ ሜዳ፣ የታሰረ ቀበቶና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ኋላን አይቶ ፍሬኑን በአንድ ጊዜ መርገጥ ነው፤ መሬቱ እርጥብ ከሆነ ኤቢኤሱ ቶሎ ይነሳል። ከአህዮቹ ነገር በኋላ አጎቴን ኮምቦልቻ አጠገብ ወዳለ ባዶ ሜዳ ወሰድኳቸው። በመጀመሪያው እግራቸው ተነሳ። በሁለተኛው ግማሽ መንገድ ላይ ተነሳ። በሦስተኛው ጥርሳቸውን ነክሰው፣ መሪውን በሁለት እጅ ይዘው፣ ፔዳሉ እየመታቸው እስከ መጨረሻው ቆዩ። መኪናው ከቆመ በኋላም እግራቸው ፍሬኑ ላይ ነበር።

«እንደገና እንሞክር» አሉ።