በጅማ ውሻን በላላ ገመድ ማስኬድ

ውሻን በላላ ገመድ ማስኬድ ማለት ውሻው ሳይጎትት ከባለቤቱ ጉልበት ጎን እንዲራመድ ማስተማር ነው። ገመዱ መሃሉ ላይ ወደ ታች ረገብ ካለ አካሄዱ ልክ ነው፤ ቀጥ ብሎ ከተወጠረ ውሻው እየጎተተ ነው።

በጅማ ውሻ በብዛት የሚያዘው ለጥበቃ ነው። ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ ማታ ተፈትቶ ግቢውን ከሌባና ከጅብ ሲጠብቅ ያድራል። ንቁና ጠንካራ የሆነው የሐበሻ ውሻ ይህን ሥራ ማንም ሳያሠለጥነው ይችለዋል። ገመድ ግን ሌላ ነገር ነው። ታስሮ የሚውል ውሻ ሰንሰለቱ እስኪያልቅ መሮጥን፣ አንገቱን በማሰሪያው ላይ ጥሎ መቆምን ስለሚለምድ መወጠር ለእሱ የዘወትር ነገር ይሆናል። በሩ ሲከፈት ባለቤቱን እየጎተተ የሚወጣው በዚህ የተነሳ እንጂ በክፋት አይደለም። ስለዚህ ከትምህርቱ በፊት 15 ደቂቃ ያህል በግቢው ውስጥ ተፈትቶ ይሩጥ።

ገመዱ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር የሚሆን ናይለን ወይም የቆዳ ጠፍር ቢሆን ይመረጣል። ሰንሰለት አይሆንም፤ ላልቶም ቢሆን ክብደቱ አንገት ላይ ስለሚያርፍ ውሻው የላላውን ከተወጠረው አይለይም። የአንገት ማሰሪያው ሁለት ጣት ያስገባ። አንዳንዶች በደረት የሚታሰረውን ይመርጣሉ፤ ለሚጎትት ውሻ አንገቱን ያሳርፈዋል። ሲጎተት እየጠበቀ የሚያንቀው ማሰሪያ ግን የትንፋሽ ቧንቧን ስለሚጎዳ መቅረት አለበት።

ለሽልማት የተቀቀለ ጉበት በአተር ፍሬ መጠን ይከተፋል። የወጥ ትራፊ አይሰጥም፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል።

ትምህርቱ የሚጀመረው መንገድ ላይ ሳይሆን ግቢ ውስጥ ነው። አንድ እርምጃ ተራምደው ገመዱ ከላላ፣ ከሱሪዎ ስፌት አጠገብ ዝቅ አድርገው ያጉርሱት። እጅ ከፊት ከተዘረጋ ውሻው ቀድሞ መሄድን ይማራል። ከዚያ በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ10 እርምጃ አንዴ ይሸለማል። ገመዱ ሲወጠር ቀጥ ብሎ መቆም ነው፤ መልሶ መጎተትም መቆጣትም አያስፈልግም። ውሻው ዞር ብሎ ሲያይ ወይም አንድ እርምጃ ሲመለስ ገመዱ ይላላል፤ ያኔ ጉዞው ይቀጥላል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል። የዘዴው መሠረት አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1898 እ.ኤ.አ. በድመቶች ያሳየው ነው፤ ደስ የሚል ውጤት ያመጣ ተግባር ይደጋገማል።

አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚያበላሸው የቤተሰቡ አለመስማማት ነው። አባት ገመዱ ሲወጠር እየቆመ፣ ልጅ እየተጎተተ ከሮጠ ውሻው አንዳንዴ መጎተት እንደሚያዋጣ ይማራል፤ አንዳንዴ የሚያዋጣ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ከሚያዋጣው ይልቅ ለመተው ይከብዳል። ቋንቋውም እንዲሁ ነው። በጅማ ቤት ውስጥ አማርኛና አፋን ኦሮሞ መቀላቀሉ የታወቀ ነው፤ «ና» ይሁን «ኮቱ»፣ ሁሉም አንዱን ይያዝ።

ወደ መንገድ የሚወጣው ባጃጅ ሳይበዛ፣ ማለዳ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ልኳንዳ ቤት ደጃፍ የሚሰበሰቡ ባለቤት አልባ ውሾች ስላሉ በሌላው ወገን ማለፍ ይሻላል። በቡና ለቀማ ወቅት ደጅ ላይ ቡና በሚሰጣበት አካባቢ ገመዱ ወደ አንድ ሜትር ያጥራል፤ ውሻ የረገጠውን ቡና ባለቤቱ በዝምታ አያልፈውም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከመውጣት በፊት ግድ ነው፤ ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፣ በየዓመቱም ይደገማል። በ1952 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ የግብርና ትምህርት ቤት ተነስቶ ያደገው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለባት ከተማ ለዚህ ሰበብ የላትም።

ብዙ ሙስሊም ጎረቤት ባለበት ሰፈር ደግሞ የውሻ ምራቅ ልብስ ከነካ ታጥቦ መንጻት ይኖርበታል፤ ለሶላት የሚሄድ ሰው በውሻ አፍንጫ መነካቱ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ሲመጣ ከ10 እርምጃ ቀድሞ ውሻውን ወደ አጥሩ በኩል አዙሮ፣ ራስን በመካከል አድርጎ፣ ሰላምታ እየሰጡ ማለፍ ነው። ጉበቱም የሚሰጠው ያኔ፣ ሰውየው እስኪያልፍ ድረስ፣ በተከታታይ ነው።