ለኩላሊት እጥበት ታካሚ ስፖርት ምንድን ነው?

ስፖርት ሲባል ቶሎ የሚታየን ጂም ወይም እንጦጦ ላይ የሚሮጥ ሰው ነው። እጥበት ላይ ላለ ሰው ግን በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና መልሶ መቀመጥም ስፖርት ነው። ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ፣ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ይቺ ልምምድ ቀላል አይደለችም። ደረጃ የሚወጣው በዚያው የጭን ጡንቻ ነው።

የኩላሊት ሕመም ጡንቻ ያሟሽሻል። ደም ማነስም አብሮት ይመጣል፤ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ከተማ ደግሞ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። አንዱ እጥበት ብቻ 4 ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ የታክሲው ሰልፍ ሳይቆጠር። ቤት ሲገባ «ቁጭ በል፣ እኛ እናመጣልሃለን» ይባላል። ከፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ግን ሁልጊዜ የተቀመጠ እግር እየሰለለ ይሄዳል።

ጣሊያን ውስጥ የተደረገና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ታካሚዎቹ እጥበት በሌለባቸው ቀናት፣ በቀን ሁለቴ 10 10 ደቂቃ በአቅማቸው ተራመዱ። በ6 ደቂቃ የሚሄዱት ርቀት በ6 ወር ውስጥ ከ328 ወደ 367 ሜትር አደገ። ያልተራመዱት ባሉበት ቀሩ። 39 ሜትር ምን አላት እንዳትሉ፤ ከአስፋልቱ እስከ ብሎኩ በር ልትሆን ትችላለች።

ፍጥነቱስ? እየተራመዱ ማውራት ከተቻለ ልክ ነው። ከእጥበት በኋላ ግፊት ስለሚወርድ ያን ቀን ማረፍ ይሻላል። በአንዳንድ አገሮች ማሽኑ ላይ እያሉ በተኙበት ፔዳል ይመታሉ፤ እሱም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ነው።

እጅ ላይ ፊስቱላ (ለእጥበት መርፌ እንዲያመች በቀዶ ሕክምና የተገናኘ ደም ሥር) ያለው ሰው ኳስ እንዲጨምቅ ሊታዘዝለት ይችላል፤ ደም ሥሩን ያጠነክረዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በዚያ እጅ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማንጠልጠል ግን ስፖርት አይደለም፣ አደጋ ነው። አንገቱ ላይ ካቴተር (የእጥበት ቱቦ) ያለውም ፋሻው በላብ እንዳይርስ ይጠንቀቅ።

አንድ እጥበት ያመለጠው፣ ሰውነቱ ያበጠ ወይም ሲተኛ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው አይጀምር፤ ሐኪሙ ጋ ይሂድ። ደህና የሆነውም ቢሆን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር። በመሃል ደረት ካመመው፣ ካዞረው ወይም ልቡ ያለ ልክ ከመታ ያቁም።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጥሙ ነው። «ላብህን ተካ» ተብሎ አንድ ሊትር ውሃ የሚጠጣው ጤነኛ ሰው ነው። የእጥበት ታካሚ የፈሳሽ ልክ አለው፤ ቢራመድም ልኩን አያልፍም፣ አፉን አርጥቦ ይበቃዋል። የአቮካዶ ጁስማ ጭራሽ አይሆንም፤ ፖታሲየሙ ብዙ ስለሆነ የልብ ምትን ያዛባል።