ማጋለጥ፦ ቀይ ሽብር በአዲስ አበባ ጓዳዎች

«ማጋለጥ» ወታደራዊው መንግሥት ደርግ ተቃዋሚዎቹን ባሰረበትና በገደለበት በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ውስጥ የኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ) አባል ወይም ደጋፊ የተባለን ሰው በቀበሌ ስብሰባ ላይ በስሙ መጥራት ማለት ነበር። መጀመሪያ «ራሳችሁን አጋልጡ» ይባላል፤ ራሱን ያጋለጠ ደግሞ ሌላ ስም እንዲጨምር ይጠየቃል። የሚጨመረው ስም የወንድም ወይም የእህት የሆነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ነገሩን በሰው ክፋት ብቻ መተርጎም ስሕተት ነው፤ መንገዱን ያበጀው ቀበሌ ነው። ቀበሌ የተመሠረተው ሐምሌ 19 ቀን 1967 በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ ፍርድ ሸንጎ፣ አብዮት ጠባቂና እስር ቤት ኖረው። የየቤቱን ሰው መዝግቦ ይዟል። ከሰፈሩ ሸሽቶ ፒያሳ አክስቱ ዘንድ ያደረ ወጣት ጸጉረ ልውጥ ነው፤ አክስቱ ወይ ታስመዘግበዋለች፣ ወይ አብራው ትጠየቃለች። በመጋቢት 1969 የቤት ለቤት አሰሳ ጠመንጃ ብቻ ሳይሆን የጽሕፈት መኪናና የወረቀት ማባዣም ይፈለግ ነበር። ቤተሰቡ የልጁን መጻሕፍትና ወረቀት ሌሊት በከሰል ምድጃ ያቃጥላል፣ የተረፈውን ሽንት ቤት ይጥላል።

ከሁሉ የከፋው ምርመራው ነበር። ወፌ ላላ እጅና እግርን አስሮ፣ በእንጨት አንጠልጥሎ ውስጥ እግርን መግረፍ ነው። ኢሕአፓ በሕዋስ የተደራጀ፣ አባላቱም በሽፋን ስም የሚጠራሩ ስለነበሩ ተገራፊው የጓዶቹን እውነተኛ ስም አያውቅ ይሆናል። ሙሉ ስሙንና ቤቱን የሚያውቀው ዘመዱን ነው። ልጁ የተሰወረበት አባት ደግሞ በልጁ ፈንታ ይታሰራል። «ምሕረት ይደረግለታል» ተብላ ልጇን በገዛ እጇ ለቀበሌ ያስረከበች እናትም ነበረች።

አንዱ ወንድም ኢሕአፓ፣ ሌላው መኢሶን (የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ) የሆነበት ቤት ብዙ ነው። መኢሶን በቀበሌዎች ውስጥ ከደርግ ጋር ሲሠራ ቆይቶ ነሐሴ 1969 ላይ ራሱ ሕቡዕ ገባ። በመጋቢት ያጋለጠው በክረምቱ ማብቂያ ተጋላጭ ሆነ።

አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ቤተሰቦች አሉ። ማልቀስ፣ ጥቁር መልበስ፣ ድንኳን መትከል ክልክል ነበር። ልጇን ራሷ ያስረከበች እናት ነጠላዋን ማዘቅዘቅ እንኳ ያስጠይቃት ስለነበር፣ ልቅሶው ጓዳ ውስጥ በር ተዘግቶ፣ ጠቋሚውም ሟቹም የአንድ ማሕፀን ልጆች በሆኑበት ቤት ደግሞ ያለ አንድ ቃል ታለፈ።