«ፔዳ በር ላይ ቤት እንያዝ»፦ ባሕር ዳር ልጅ የሚልክ ወላጅ የሚሳሳትባቸው ነገሮችና እውነታው

ባለፈው ኅዳር ላይ አንድ አባት ከጋይንት ያመጣውን ግማሽ ኩንታል ድንች በባጃጅ አስጭኖ በራፌ ላይ ወረደ። ከኋላው ልጁ፣ ከልጁ ኋላ ደላላው። ድንቹ ገና ሳይወርድ «እትዬ፣ የስድስት ወሩን ኪራይ አሁን ልክፈልዎ?» አለኝ። ልጅቱ ለምዝገባ ከመጣች ሁለት ቀኗ ነው፤ ምን እንደምታጠና እንኳ አልታወቀም። ብሩን አልተቀበልኩም። ደላላው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ፊቱን ያዞራል።

ግቢዬ ውስጥ ሁለት ሰርቪስ ቤቶች አሉኝ፤ ለዓመታት ያከራየሁት ለተማሪ ነው። የሚመጡት ወላጆች ይለያያሉ፣ የሚሉት ነገር ግን ያው ነው። እሱን አንድ በአንድ እያነሳሁ የማውቀውን ልናገር። «አከራይ አይደለች እንዴ? ለጥቅሟ ነው» የሚል አይጠፋም፤ አብዛኛው የምለው ግን አትከራዩ ነው።

«ባሕር ዳር ደረሳት፤ ስለዚህ ፔዳ በር ላይ ቤት እንያዝ»

ፔዳ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አንዱ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. የተቋቋመው ሁለት የቆዩ ተቋማት ተዋሕደው ነው፦ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክና ከእሱ ዐሥር ዓመት ገደማ ዘግይቶ የመጣው የመምህራን ኮሌጅ። «ፖሊ» እና «ፔዳ» የምንለው ከዚያ የቀረ ስም ነው። ከዚያ ወዲህ ዘንዘልማ፣ ይባብ፣ ሰላም፣ ጥበበ ጊዮን እያለ በከተማው ዙሪያ ተበተነ። ግብርና ያለበት ዘንዘልማ አባይን ተሻግሮ በወረታ መንገድ ነው። ጥበበ ጊዮን ደግሞ በአዴት መንገድ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። በ2016 ግንቦት የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የአባይ ድልድይ መሻገሩን አቀለለው እንጂ ዘንዘልማን ወደ ፔዳ አላመጣውም።

ዋናው ነገር ሌላ ነው። አዲስ ገቢ ተማሪ መጀመሪያ የሚወስደው የፍሬሽማን የጋራ ኮርስ ነው። ዲፓርትመንት የሚመርጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዲፓርትመንቱ ሲለይ ግቢውም ሊቀየር ይችላል። ኅዳር ላይ ፔዳ በር ቤት የተያዘለት ልጅ በዓመቱ ዘንዘልማ ሊገኝ ይችላል። ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ዓመት ዶርም ትደር የምለው። ስድስት ወይም ስምንት ሆነው ሲያድሩ ይጨናነቃሉ፣ ሻወሩ ሰልፍ ነው፣ አንዱ ሲያጠና ሌላው ሙዚቃ ይከፍታል። ቢሆንም ማስታወቂያ የሚሰማው፣ የሲኒየር ሃንድአውት የሚገኘው፣ ሲታመሙ ክሊኒክ የሚወስድ ሰው ያለው እዚያው ነው።

«ዶርምና ካፌ መንግሥት በነጻ የሚሰጠው ነው»

ነጻ ሳይሆን ዱቤ ነው። የወጪ መጋራት ደንቡ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ ያደርጋል። ልጁ በየዓመቱ ውል ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይመለሳል። ልጆቹ ሰልፍ ላይ ቆመው ሳያነቡ ነው የሚፈርሙት። ውጭ የሚያድርና ውጭ የሚበላ ልጅ ካላችሁ የሚጠቀመውንና የማይጠቀመውን ፎርሙ ላይ በትክክል መሙላቱን ጠይቁት። አለበለዚያ ለእኔ ኪራይ እየከፈላችሁ ላልተኛበት አልጋም ዕዳ ይመዘገብበታል።

«ነን ካፌ ብትሆን ብሩን በእጇ ይዛ የተሻለ ትበላለች»

ነን ካፌ የሚባለው በግቢው ካፌ መብላቱን ትቶ የምግቡን በጀት በብር የሚቀበል ተማሪ ነው። ይህን የሚሉት በተለይ እናቶች ናቸው። የካፌውን ወጥ ስም ሰምተዋል፤ አይፈረድባቸውም። ለአንድ ተማሪ በቀን የሚያዘው የምግብ በጀት ለብዙ ዓመታት 15 ብር ነበር፣ ከዚያ 22፣ በቅርቡ ደግሞ 100 ብር ሆኗል። 100 ብር ለቁርስ፣ ለምሳና ለራት ሲካፈል በአንድ ማዕድ 33 ብር ነው። ካፌው በ33 ብር የሚያበላው ጤፍና ሽሮ በጅምላ ስለሚገዛ፣ ለማገዶና ለወጥ ቤት ሠራተኛም ተማሪውን ስለማያስከፍል ነው። ልጃችሁ ያንኑ ብር ይዛ ምግብ ቤት ስትገባ የቤት ኪራዩንም፣ የአስተናጋጁንም፣ የባለቤቱን ትርፍም እሷ ትከፍላለች። ስለዚህ ነን ካፌ ማለት ከቤት በየወሩ የሚጨመር ብር አለ ማለት ነው። የሚጨመር ከሌለ ካፌ ትብላ።

የሚጨመር ካለ ደግሞ የተለመደው ከምግብ ቤት ጋር ኮንትራት መያዝ ነው። የወሩን ቀድማችሁ ትከፍላላችሁ፣ ባለቤቷ የልጁን ስም ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ በበላ ቁጥር ምልክት ታደርጋለች። አንድ ተከራዬ እንዲህ ባለ ቤት ከፍሎ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሄዶ ሲያንኳኳ ቤቱ ተዘግቷል፤ ደብተሩም ባለቤቷም የሉም። የቀሩትን ቀኖች እኔ ቤት ሽሮ በላ። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም የምመክረው በየአሥራ አምስት ቀኑ እንዲከፍሉ ነው። ትንሽ ይወደዳል፣ ግን ደብተሩ ሲጠፋ የሚጠፋው ግማሹ ነው።

ሌላም ጥያቄ አለ፦ ያቺ ቤት ረቡዕና ዓርብ ምን ትሠራለች? በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናትስ? ሙስሊም ልጅ ከሆነ በረመዳን የሱሑር ነገር እንዴት ነው? እሁድ ትከፍታለች? በኮንትራት የሚበሉ ልጆች የሚራቡት እሁድ ማታ ነው።

«ራሱ ቢያበስል ይረክሳል»

ሦስት ሆነው ካበሰሉ አዎ። አንድ ሆኖ ከሆነ አይረክስም። ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ማገዶው ለአንድ ሰውም ለሦስት ሰውም ያው ሊሆን ምንም አይቀረው። ወንድ ልጅ ብቻውን ሲሆን ደግሞ ሰኞ ሽሮ ይሠራል፣ ማክሰኞ የሰኞውን ያሞቃል፣ ረቡዕ ዳቦ በሻይ ይበላል። ሐሙስ ድስቱን ሳያጥብ ምግብ ቤት ይሄዳል። አይቼዋለሁ፤ ድስቱን ያጠብኩት እኔ ነኝ።

የሚያስፈራኝ ግን የከሰሉ ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ ወይም ቆጣሪው የጋራ ሆኖ ስቶቭ ሲከለከሉ ማንደጃ ይገዛሉ። ማንደጃው ደጅ እስካለ ችግር የለም። አንድ የሐምሌ ማታ ዝናቡ ሲያስቸግራቸው ሁለቱ ተከራዮቼ ማንደጃውን ወደ ውስጥ አስገቡት። «ጭሱ እስኪያልፍ ጠበቅን፣ ሲፋም ነው ያስገባነው» አሉኝ በኋላ። ሰው ሁሉ የሚያምነው ይህን ነው፦ ከሰል ከፋመ አይጎዳም። እውነቱ ግን የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጭሱ አልቆ ቀይ ሆኖ ሲያምር ከማንደጃው መውጣቱን አያቆምም። እኔ የነቃሁት አንደኛው ሲያስመልሰው ሰምቼ ነው። በሩን ስከፍት ሌላኛው ራሱን ይዞ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፤ ለምን እንደማይነሳ ለራሱም አልገባውም። ጎትተን ደጅ ዝናብ ላይ አወጣናቸው፣ ከዚያ በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ። አሁን ውሉ ላይ የመጀመሪያው መስመር «ከሰል ቤት ውስጥ አይገባም» የሚል ነው። ቤት ስታዩ መጀመሪያ የግድግዳውን ቀለም አትዩ። ማብሰያው የት ነው፣ ዝናብ ሲዘንብስ የት ይሆናል ብላችሁ ጠይቁ።

«ስንቅ ካለ ልጅ አይራብም»

በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ፣ በርበሬና ድርቆሽ ጥሩ ነው፤ እነሱን ላኩ። እንጀራ ግን ከደጋ አትላኩ። የባሕር ዳር ሙቀት ሳይውል ሳያድር ያሻግተዋል። ደግሞ ዶርም ውስጥ ስንቅ የአንድ ልጅ አይደለም። ስምንት ልጅ ባለበት ክፍል የሦስት ወር በሶ የሦስት ሳምንት ነው፤ እንዳይሰጥም ብታስተምሩት አይጠቅመውም። መንገድ የተዘጋ ጊዜ ደግሞ ስንቁም ላኪውም አይደርስም፤ ስለዚህ ትንሽ ብር በባንክ ሒሳቡ ላይ ሁልጊዜ ትኑር።

«ጣና አጠገብ ውሃ አይጠፋም፣ ዓሣም ርካሽ ነው»

የከተማው ቧንቧ ከጣና አይቀዳም፤ ውሃው የሚመጣው ከምንጭና ከጥልቅ ጉድጓድ ነው። ይጠፋል። ቤት ስታዩ ሮቶ መኖሩን ተመልከቱ፣ ኖሮም ተከራይ ይጠቀምበት እንደሆነ ጠይቁ። ዓሣው ትኩስ ነው፣ ቀረሶና አምባዛ ከሐይቁ ዳር ታገኛላችሁ፤ ግን ለተማሪ የየቀን ምግብ አይደለም። ልጁ ሐይቁ ውስጥ እንዳይዋኝም ንገሩት፣ ቢልሃርዝያ አለበት።

«ወባ የቆላ ነው፣ እዚህ ከተማ ነው»

ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በአገራችን ወባ የሚበረታው ከ2000 ሜትር በታች ነው፤ ስለዚህ ከተማችንም ወባ ካለበት ክልል ውስጥ ነች። የሚብሰውም ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ አዲስ ተማሪ በብዛት የሚገባበት ወቅት። ከጋይንት፣ ከደብረ ታቦር፣ ከሰሜን ሸዋ ደጋ የሚመጣ ልጅ ወባ ይዞት አያውቅም፣ ሲይዘውም አያውቀውም። «ምች ነው» ይልና ዳማከሴ ጨምቆ ይተኛል። ብርድ ብርድ ካለው፣ ትኩሳትና ራስ ምታት ካለው በዚያው ቀን ደም ይመርመር፤ አንደኛው የወባ ዓይነት ቶሎ ካልታከመ ይገድላል።

አጎበር ከቤት አስይዙት። የዶርም አልጋ ተደራራቢ ነው፤ ታች የሚተኛ ከላይኛው አልጋ ብረት ላይ ያስረዋል፣ ላይ የሚተኛ ግን ጣሪያው ላይ ማሰሪያ ይፈልጋል። አራት ሜትር ሲባጎ ጨምሩለት። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ሲባጎ በማጣት ብቻ ስንት አጎበር ሻንጣ ውስጥ ታጥፎ ሰነበተ።

«ለአንዲት ክፍል ደግሞ ምን ውል ያስፈልጋል»

የግል ኮሌጅ የሚማር ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ዶርም ስለማያገኝ መከራየቱ የግድ ነው፤ ለእሱ ይህ ምክር ከሁሉም ይበልጣል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ (ቁጥር 1320/2016) ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። በክልል ከተሞች ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ስለሆነ በሰፈራችሁ እንዴት እየተሠራበት እንደሆነ ቀበሌውን ጠይቁ። ተፈጻሚ ሆነም አልሆነም የስድስት ወር ቀድሞ መክፈል ሞኝነት ነው። ልጁ ቤቱን ቢጠላው ምን ይዞ ይከራከራል?

ውሉ ላይ የገባበት ቀን የቆጣሪ ንባብ ይጻፍ። ሐምሌና ነሐሴ ልጁ አገሩ ሲገባ ይከፈል አይከፈል ይጻፍ፤ ጠብ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። የውጭ በር የሚዘጋበት ሰዓትም ይጻፍ። እኔ ራሴ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ አልከፍትም ስል ኖሬያለሁ። አንድ ቀን አንዱ ከላይብረሪ አምሽቶ መጥቶ አጥሩ ሥር ተቀምጦ አደረ፤ ሊቀሰቅሰኝ አፍሮ ነው። አሁን ለእያንዳንዳቸው ቁልፍ አስቀርጫለሁ።

«ዘመድ ቤት ካለ ምን ወጪ አለ»

ጥሩ ዘመድ ያለው ይመስገን። ግን ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ለበዓል በግ ባይሆን ዶሮ ይላካል፣ ስትመጡ ቡና፣ ስኳርና ዘይት ይያዛል፤ በወር ሲደመር ከኪራይ ብዙም አይርቅም። ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። ሴት ልጅ ስትሆን ሌላ ሒሳብ አለ። ማንም «ሥሪ» አይላትም። ግን እንግዳ ሲመጣ ቡና የምታፈላው እሷ ናት፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ የምታዝለው እሷ ናት፣ ሠራተኛዋ ስትለቅ «እስክናገኝ ድረስ» የሚባለው ለእሷ ነው። ፈተና ሳምንት ላይ ክርስትና ይሆናል። «አጠናለሁ» ብትል «እኛን ናቀች» የሚል ወሬ እናንተ ዘንድ ከውጤቷ ቀድሞ ይደርሳል።

የወንድሜን ልጅ እኔ ዘንድ አስቀምጬ አስተምሬያለሁ፤ ስለዚህ የምናገረው ስለ ሌላ ሰው አይደለም። መጀመሪያ ዓመት ውጤቷ ለምን እንደወረደ የገባኝ ሁለተኛ ዓመት ዶርም ስትገባ ነው። ዘመድ ቤት የምታስቀምጡ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን፣ ልጅቱ ባለችበት፣ «ከእሁድ በቀር ጊዜዋ የትምህርቷ ነው» ብላችሁ ተነጋገሩ። እፍረታችሁ ያኔውኑ ይለቅላችኋል።

ያ የጋይንቱ አባት ዘመድም ነበረው፣ አባይ ማዶ። ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን ይህን ሁሉ ካወራን በኋላ ልጅቱ ዶርም ገባች፣ ካፌ ትበላለች። ድንቹን ግን የት ይውሰደው? እኔ ዘንድ ቀረ። እሁድ እሁድ ከሁለት የዶርም ልጆች ጋር እየመጣች ደጅ ባለው ምድጃ ትቀቅላለች፣ በሚጥሚጣ ይበሉታል። ከጆንያው ሥር ያለው ማቆጥቆጥ ስለጀመረ ባለፈው እሁድ አጥሩ ሥር ቆፍረን ተከልነው።